መስቀሉ ማንን ለወጠ? የኃጢአት ስርየት ክርክሮች ዳሰሳ

ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ በሚለው ላይ ክርስቲያኖች አይለያዩም። ሞቱ እንዴት አዳነን ሲባል ግን መልሱ ይበዛል። አንዱ ዲያብሎስ ድል ተነሣ ይላል። ሌላው ካሳችን ተካሰ፣ ዕዳችን ተከፈለ ይላል። ሌላው የሚገባንን ቅጣት እርሱ በምትካችን ተቀበለ ይላል። እንዲህ ያለውን ፍቅር ያየ ልብ ተማርኮ ከኃጢአት ይመለሳል የሚልም አለ። በአንድ ስብከት ውስጥ አራቱንም መስማት የተለመደ ነው፤ ሰባኪውም ሰሚውም አይቸገሩበትም።

ጠጋ ብሎ ላያቸው ግን አራቱ መልሶች የሚያመለክቱት ወደተለያየ ወገን ነው። በመጀመሪያው መልስ መስቀሉ የሠራው በዲያብሎስና በሞት ላይ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ካሳውን የሚቀበለው ወይም ፍርዱን የሚፈጽመው እግዚአብሔር ራሱ ነው። በአራተኛው የሚለወጠው ሰው ነው። ስለዚህ ስለ መስቀል መከራከር እግዚአብሔር ማን ነው ብሎ መከራከር ይሆናል። ይቅር ለማለት ደም የሚፈልግ አምላክ ነው? ወይስ ይቅር ሊለን ስለወደደ ደሙን የሰጠ? የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ ይህን ሁሉ ክርክር መመዘን የሚቻለው በዚህ ጥያቄ ነው። ፍቅሩ በመስቀሉ የተገዛ የሚያስመስል፣ አብንና ወልድን የሚያጣላ ትምህርት፣ ምሳሌው ምንም ቢያምር ከመሠረቱ ወጥቷል።

ጥንታውያን ጉባኤዎች ይህን ጥያቄ አልወሰኑትም። ኒቅያ በ325፣ ቁስጥንጥንያ በ381፣ ኤፌሶን በ431 የተሰበሰቡት ክርስቶስ ማን ነው፣ መንፈስ ቅዱስ ማን ነው በሚለው ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጸሎተ ሃይማኖትም ወልድ እኛን ለማዳን ሰው ሆኖ መሰቀሉን ይመሰክራል፤ ስቅለቱ በምን መንገድ እንዳዳነን አይተነትንም። በኢትዮጵያም ቅብዓት፣ ጸጋና ተዋሕዶ የተባሉትን ወገኖች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያከራከረውና በ1878 የቦሩ ሜዳውን ጉባኤ ያስጠራው ጉዳይ የክርስቶስ ባሕርይና ልጅነት ነበር። የስርየት ትምህርት እስከ ዛሬ ሰፊ ሜዳ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው

ክርክሩ ሁሉ የሚጀምረው ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 ነው። በስርየት ቀን ሊቀ ካህናቱ ከሕዝቡ ሁለት ፍየሎች ተቀብሎ ዕጣ ይጥልባቸዋል። አንዱ ይታረዳል፤ ደሙ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ገብቶ በታቦቱ መክደኛ ላይና ፊት ይረጫል። በሁለተኛው ራስ ላይ ሊቀ ካህናቱ ሁለቱን እጆቹን ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ይናዘዛል፤ ይህ ፍየል ሳይታረድ ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። ኃጢአት የተጫነበት ፍየል አልታረደም፤ በታረደው ላይም ኃጢአት ሲጫን አናነብም። ኦሪት ዘሌዋውያንን በጥልቀት ከመረመሩት የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት አንዱ የሆነው አይሁዳዊው ጄኮብ ሚልግሮም፣ ደሙ የሚያነጻው በሕዝቡ ኃጢአት የረከሰውን መቅደስ ነው፣ እንስሳው በሰው ፈንታ እየተቀጣ አይደለም ብሎ ተከራክሯል። በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ ምዕራፍ 17 ቁጥር 11ን ይጠቅሳሉ፤ በዚያ ሕይወት በደም ውስጥ እንዳለችና ደሙ ስለ ነፍስ ማስተስረያ እንደተሰጠ ተጽፏል። ኢሳይያስ 53 ላይ ሲደረስ ግን በሁለቱ ፍየሎች ተለያይቶ የነበረው አንድ ላይ ይመጣል፦ የእግዚአብሔር አገልጋይ የብዙዎችን በደል ይሸከማል፣ ይሞታልም።

የአዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች እነዚህን ሁሉ ይጠቀሙባቸዋል፤ አንዱን መርጠው ሌላውን አይጥሉም። በማርቆስ 10፥45 ጌታ ነፍሱን ለብዙዎች ቤዛ አድርጎ ሊሰጥ እንደመጣ ይናገራል፤ ቤዛው ለማን እንደሚከፈል ግን አይነገርም። በቆላስይስ 2 በእኛ ላይ የነበረው የዕዳ ጽሕፈት ይደመሰሳል፣ ወዲያው ደግሞ አለቆችና ሥልጣናት ይገፈፋሉ፤ የዕዳና የድል ሥዕል ጎን ለጎን ቆሟል። የዕብራውያን መልእክት ከመሥዋዕቱ ሌላ ሊቀ ካህናቱን ያሳየናል። አንድ ነገር ላይ ግን ሁሉም ይስማማሉ። በሁለተኛ ቆሮንቶስ 5 የሚያስታርቀው እግዚአብሔር ነው፣ ታረቁ የሚባለው ሰው ነው። በሮሜ 5 ፍቅሩ የተገለጠው ገና ኃጢአተኞች ሳለን ነው። አንደኛ ዮሐንስ 4 ደግሞ ልጁን ማስተስረያ አድርጎ የላከው እርሱ አስቀድሞ ስለወደደን ነው ይላል። ቅደም ተከተሉ የማያሻማ ነው።

ቤዛው ለማን ተከፈለ?

ፍትሕንና ፍቅርን ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የነጣጠለው መርቅዮን ነው (የኬልቄዶን ጉባኤን ከጠራው ንጉሥ መርቅያን ጋር እንዳይምታታ)። የብሉይ ኪዳን ፈጣሪ ፈራጅ፣ የኢየሱስ አባት ደግሞ ቸር፣ ሁለቱም የተለያዩ አማልክት ናቸው ብሎ አስተማረ። በ144 የሮም ቤተ ክርስቲያን ለየችው። ውሳኔው ለስርየት ትምህርትም ዋጋ አለው፦ ከዚያ ወዲህ ክርስቲያን ሆኖ ስለ መስቀል የሚናገር ሁሉ ፈራጁንና አፍቃሪውን አንድ አምላክ ብሎ የመናገር ግዴታ አለበት።

በ180 አካባቢ የጻፈው የሊዮኑ ሄሬኔዎስ ድኅነትን የአዳም ታሪክ እንደገና መኖር አድርጎ ተረዳው። ክርስቶስ ከሕፃንነት ጀምሮ በሰው ዕድሜ ሁሉ አለፈ፤ በዛፍ የመጣውን አለመታዘዝ በእንጨት ላይ በመታዘዝ ሻረው። በዚህ አረዳድ የሚያድነው የመጨረሻዎቹ ሰዓታት መከራ ብቻ ሳይሆን መላ ሕይወቱ ነው። ምዕራባውያን በኋላ የዘነጉት ይህን ይመስለኛል።

ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ቃል ሰው መሆን በጻፈው መጽሐፍ ጥያቄውን ወደ እግዚአብሔር ባሕርይ አመጣው። ከዛፉ የበላ ይሞታል ያለው አምላክ ቃሉን ሊያጥፍ አይችልም፤ በአርአያው የፈጠረው ሰው በስብሶ ሲጠፋ ዝም ብሎ ማየትም ለቸርነቱ አይገባም። ንስሐ ብቻውን አይበቃም፤ ጥፋቱ ከሥራ አልፎ ባሕርይ ውስጥ ገብቷልና። ስለዚህ የማይሞተው ቃል ሊሞት የሚችል ሥጋ ለበሰ፤ በሞቱ የሞትን ዕዳ ከፈለ፤ በትንሣኤው መበስበስን አጠፋ። አትናቴዎስ ለኢትዮጵያ ሩቅ ሰው አይደለም፦ በአራተኛው መቶ ዓመት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው እርሱ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከመነሻዋ የተቀበለችው የእስክንድርያን ትምህርት ነው፤ በዚያ ትምህርት የስርየት ወሬ ከሥጋዌ ተነጥሎ አይወራም።

ቤዛው ለማን ተከፈለ የሚለው ጥያቄ ግን አላረፈም። ኦሪገን ለዲያብሎስ ነው ወደሚል መልስ አዘነበለ፤ ሰውን በባርነት የያዘው እርሱ ነበርና። የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ሐሳቡን አሰፋው፦ ዲያብሎስ የክርስቶስን ሥጋ አይቶ ሊውጠው ሲቃጣ በሥጋው በተሰወረው መለኮት ተያዘ፣ በመንጠቆ እንደተያዘ ዓሣ። ለሰሚ የሚጥም ሥዕል ነው፤ የሚያስጨንቅም ነው፤ እግዚአብሔር ሰውን ለማዳን አታለለ ያሰኛልና። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በፋሲካ ድርሳኑ ሐሳቡን ተቃወመ። ለሌባው የእግዚአብሔርን ዋጋ ያህል ደሞዝ መክፈል ነውር ነው አለ። ለአብ ተከፈለ እንዳይባልም የያዘን አብ አልነበረም፤ ይስሐቅን ከአብርሃም እጅ ያልተቀበለ አምላክ በልጁ ደም እንዴት ይደሰታል? አብ መሥዋዕቱን የተቀበለው ስለጠየቀ ወይም ስላስፈለገው አይደለም፤ ሰው በእግዚአብሔር ሰው መሆን መቀደስ ስለነበረበት ነው ብሎ፣ የቀረውን በዝምታ ማክበር ይሻላል አለ። በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ጥያቄውን ከሥሩ የያዘው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዮርዳኖስና በሲኦል የነበረው ደብዳቤ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ለዚሁ ጥያቄ የራሱ የሆነ ትረካ አለው፤ በየዓመቱ በጥምቀት በዓል ይነገራል። አዳምና ሔዋን ከገነት ወጥተው መከራ ሲጸናባቸው ዲያብሎስ መከራውን አቀልላችኋለሁ ብሎ አታሎ የባርነት ደብዳቤ አጻፋቸው፦ አዳም የእርሱ ባሪያ፣ ሔዋን የእርሱ ገረድ እንደሆኑ የሚመሰክር። በሁለት ድንጋይ ቀርጾ አንዱን በዮርዳኖስ፣ ሌላውን በሲኦል አኖረው። ጌታ በዮርዳኖስ ሲጠመቅ የመጀመሪያውን ደመሰሰ፤ በመስቀል ሞቶ በነፍሱ ወደ ሲኦል ሲወርድ ሁለተኛውን ደመሰሰ፣ ነፍሳትንም ነጻ አወጣ። ትረካው ለአዳም ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ እንደሚያድነው ከተሰጠው ተስፋ ጋር ይያያዛል። ቀኑ እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ 5500 ዘመን ይሆናል፤ ይህ ዘመነ ፍዳ ይባላል፤ ከልደት ወዲህ ያለው ዘመነ ምሕረት ነው፤ ቀን ስንጽፍ ዓመተ ምሕረት የምንለውም ይህንኑ ነው።

የትረካውን ሥነ መለኮት ልብ ብሎ ያየው ጥቂት ነው። የዕዳ ወሬ አለበት፣ ክፍያ ግን የለበትም። ደብዳቤው በማታለል የተጻፈ ስለሆነ ከመነሻውም የጸና ውል አይደለም፤ ጌታ ደመሰሰው እንጂ ለዲያብሎስ አልከፈለውም። በኑሲሱ ጎርጎርዮስ ሥዕል ያስጨነቀው ነገር እዚህ ተገልብጧል፤ አታላዩ ዲያብሎስ ነው፣ እግዚአብሔር ያታለለው የለም። ሌላም ነገር አለ፦ ድኅነት ከመስቀሉ ቀን በፊት በወንዙ ውስጥ ተጀምሯል። ሄሬኔዎስ በትምህርት ያለውን ይህ ትረካ በበዓል ይለዋል።

ይህ ማለት ግን በኢትዮጵያ ትውፊት ውስጥ ወደ አብ የሚቀርብ መሥዋዕት የለም ማለት አይደለም። የቅዳሴ መጻሕፍት በመሥዋዕት ቋንቋ የተሞሉ ናቸው። በአባ ሕርያቆስ ስም የሚጠራው የእመቤታችን ቅዳሴ ደግሞ ወልድን ከዙፋኑ ስቦ እስከ ሞት ያደረሰው ፍቅር መሆኑን ያስተምራል። የስቅለት ዕለትም ምእመኑ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ ይውላል፤ ማምሻውን ካህናቱ ጀርባውን በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ እያደረጉ የስግደት ቀኖና ይሰጡታል። ድል፣ መሥዋዕት፣ የሰው ምላሽ፦ ምዕራባውያን በየንድፈ ሐሳቡ የከፋፈሉትን ሥርዓቱ በአንድ ቀን ይይዘዋል። የሰመረ ነገር ነው፤ ቢሆንም ሦስቱ እንዴት እንደሚገናኙ የማብራራቱን ሥራ ሥርዓቱ ራሱ አይሠራም።

አንሴልምና አቤላርድ

የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሴልም በ1098 የጨረሰው መጽሐፍ አምላክ ለምን ሰው ሆነ የሚለውን በምክንያት ብቻ ለመመለስ ይሞክራል። ዲያብሎስ በሰው ላይ መብት ነበረው የሚለውን ያፈርሳል። ኃጢአት ለእግዚአብሔር የሚገባውን ክብር መንፈግ ነው፤ የተነፈገው መመለስ አለበት፤ በላዩም ካሳ ይጨመራል። ሰው ያለው ሁሉ ቀድሞም የእግዚአብሔር ስለሆነ የሚክስበት የለውም። መካስ የሚገባው ሰው ነው፣ መካስ የሚችለው አምላክ ነው፤ ስለዚህ አምላክ ሰው ሆነ።

አንሴልምን ከኋለኞቹ ጋር የሚያደባልቁት ብዙዎች ስለሆኑ ልዩነቱ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የአገራችን የደም ዕርቅ፣ በኦሮሞው ጉማ የሚባለው፣ ነገሩን ያቀርበዋል። የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ ከብት ወይም ገንዘብ ይቆረጣል፤ ካሳው ሲሰጥ ደም ይደርቃል። በገዳዩ ፈንታ የሚገደል የለም፤ ካሳ የሚሰጠው ሌላ ሰው እንዳይሞት ነው። አንሴልምም የሚለው ይህን ነው፦ ወይ ካሳ ወይ ቅጣት፤ ካሳ ካለ ቅጣት ይቀራል። በእርሱ ዘንድ ክርስቶስ አልተቀጣም። ኃጢአት ስላልነበረበት ሊሞት የማይገባው ሲሆን በፈቃዱ ሞተ፤ ይህ ስጦታ ከዓለም ኃጢአት ሁሉ በለጠ። የአንሴልም ድክመት ሌላ ቦታ ነው። ትንሣኤ በክርክሩ ውስጥ የሚሠራው ሥራ የለም፤ የኢየሱስ ስብከትና ፈውስም እንዲሁ።

ጴጥሮስ አቤላርድ የሮሜን መልእክት ሲተረጉም ጥያቄውን አከረረው። የንጹሑን ደም ዋጋ አድርጎ መጠየቅ ጭካኔ አይደለም ወይ? ደግሞስ አዳም ፍሬ በመብላቱ የተቈጣ አምላክ ልጁ ሲገደል እንዴት ይታረቃል? የእርሱ መልስ በክርስቶስ መከራ የታየው ፍቅር በእኛ ውስጥ ፍቅርን ያቀጣጥላል፤ ይህ ፍቅር ከኃጢአት ባርነት ነጻ ያወጣናል የሚል ነው። የክለርቮው በርናርዶስ አጥብቆ ተቃወመው፤ የሳንስ ጉባኤም አወገዘው። አቤላርድ ከዚህ ሐሳብ ሌላ የለውም ማለት ግን ግፍ ነው፤ በዚያው ትርጓሜ ክርስቶስ የኃጢአታችንን ቅጣት እንደተሸከመ የሚናገርበት ቦታ አለው። ለብቻው ሲወሰድ ሐሳቡ የማይቆመው በሌላ ምክንያት ነው። ሞቱ ከፍቅር ማሳያነት ሌላ ያደረገው ነገር ከሌለ፣ መሞቱ ፍቅር መሆኑ በምን ይታወቃል? ሰውን ከአንዳች ጥፋት ያወጣ ሞት ነው ፍቅርን የሚያሳየው።

ቶማስ አኩዊናስ በአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ሁሉንም ሰበሰበ፤ ሞቱ በካሳ፣ በመሥዋዕት፣ በቤዛነት፣ በምግባሩ ዋጋ አዳነን አለ። አንድ የአንሴልምን መሠረት የሚነካ ነገርም ጨመረ፦ እግዚአብሔር ያለ ካሳ ይቅር ቢል ኖሮ ፍትሕን አያጓድልም ነበር፤ ከበላዩ ዳኛ የለምና፣ የተበደለውም እርሱ ነውና። መስቀሉ የተገባ ነው እንጂ እግዚአብሔርን ግድ ያለው ነገር የለም። ይህ ልዩነት ቀጭን ይመስላል፤ የእግዚአብሔር ነጻነትና ፍቅር የተንጠለጠሉት ግን በእርሱ ላይ ነው።

ከካሳ ወደ ቅጣት

በተሐድሶ ዘመን አንሴልም የለያቸው ሁለቱ ተገናኙ፦ ቅጣቱ ራሱ ካሳ ሆነ። ሉተር በ1535 በታተመው የገላትያ ትርጓሜው ክርስቶስ የሰውን ሁሉ ኃጢአት በራሱ ላይ ወስዶ በሕግ ፊት ከኃጢአተኞች ሁሉ የበለጠ ኃጢአተኛ ሆኖ እንደተቆጠረ አስተማረ። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን ክርስቶስ ከሞት፣ ከሕግና ከዲያብሎስ ጋር የሚዋጋ አርበኛም ነው። የሕግ ትምህርት የተማረው ጆን ካልቪን ነገሩን የፍርድ ቤት መልክ ሰጠው። ክርስቶስ በጲላጦስ ዳኝነት መሞቱ እንኳ ለእርሱ ትርጉም አለው፤ በወንበዴ እጅ ቢገደል ኖሮ እንደ ወንጀለኛ ተፈርዶበት በእኛ ቦታ ቆመ አይባልም ነበር። ወደ ሲኦል መውረዱንም ካልቪን የተረዳው በመስቀል ላይ በነፍሱ የተቀበለው የፍርድ ጭንቅ አድርጎ ነው። በኢትዮጵያ ትምህርት ወደ ሲኦል መውረድ የድል ቀን ነው፤ በካልቪን የመከራው ጥልቀት ነው። ሁለቱ አረዳዶች የሚራራቁበትን ልክ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ካልቪንን ለሚነቅፉት መነገር ያለበት አለ። በ1559ኙ የትምህርት መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ምዕራፍ 16 ላይ የኛኑ ጥያቄ ያነሣል፦ አስቀድሞ የወደደን አምላክ እንዴት ጠላታችን ይባላል? አውግስጢኖስን ተከትሎ የአብ ፍቅር ከዕርቁ እንደሚቀድም፣ ክርስቶስ የሞተው ስለተወደድን እንደሆነ ይመልሳል። ይህን የሚዘነጉት ተከታዮቹ ናቸው። የተቈጣ ዳኛና መሐሪ ልጅ የሚተውኑበት የስብከት ምሳሌ ከካልቪን ይልቅ ለመርቅዮን ይቀርባል።

ከባዱ ተቃውሞ በ1594 በታተመው በፋውስቶ ሶዚኒ መጽሐፍ መጣ። ዕዳ ከተከፈለ ይቅርታ አልተደረገም፤ ይቅር ከተባለ ክፍያ አያስፈልግም። የገንዘብ ዕዳ ሌላ ሰው ሊከፍለው ይችላል፤ የሞት ቅጣት ግን ከጥፋተኛው ወደ ንጹሑ ቢዛወር ፍትሕ አይባልም። ሶዚኒ ሥላሴን የካደ ሰው ነበር፤ ጥያቄው ግን ሥላሴን የሚያምኑትንም ይይዛል። ሆላንዳዊው የሕግ ሊቅ ሁጎ ግሮቲየስ በ1617 ሲመልስለት እግዚአብሔር እዚህ እንደ አበዳሪ ሳይሆን እንደ ገዢ ይታይ አለ፤ መስቀሉ ምሕረት እየተደረገም ሕግ እንደማይናቅ ለዓለም ያሳየ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያረካው መልስ ክርስቶስ ባዕድ አይደለም የሚለው ነው፦ የተበደለው አምላክ ራሱ ነው፣ በደለኛውንም ሰው በሥጋው አካቷል። እንግሊዛዊው ጆን ስቶት በ1986 ቅጣትን የመውሰድ ትምህርት ሲከላከል የያዘው ይህንኑ ነው፤ አብ ሦስተኛ ሰው አልቀጣም፣ እግዚአብሔር ራሱን በእኛ ቦታ አቆመ።

ለማን ሞተ የሚለው ጥያቄ ሌላ ክፍፍል ፈጠረ። በ1618 እና 1619 የተሰበሰበው የዶርት ሲኖዶስ የክርስቶስ ሞት ለዓለም ሁሉ የሚበቃ ሲሆን የሚያድነው ግን የተመረጡትን ነው ብሎ ወሰነ። ጆን ዌስሊ በኋላ አጥብቆ ተቃወመ። በ1831 የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጆን ማክሊዮድ ካምቤል የተባለውን አገልጋይ ክርስቶስ ለሰው ሁሉ ሞተ በማለቱ ከሹመቱ አወረደችው። እርሱም በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ ፍቅር የእግዚአብሔር ባሕርይ ከሆነ ለአንዱ ደርሶ ለሌላው ሊቀር አይችልም ሲል ተከራከረ።

የቅርብ ጊዜ ክርክሮች

ስዊድናዊው ጉስታፍ አውሌን በ1930 የአባቶች ዋና ትምህርት የክርስቶስ ድል ነበር፣ አንሴልም አጠፋው፣ ሉተር መለሰው ብሎ ጻፈ። መጽሐፉ የተረሳውን ድል ወደ መሐል በማምጣቱ ትልቅ ውለታ ሠርቷል፤ ታሪኩን ግን ከልክ በላይ አስተካክሎታል። አትናቴዎስ ስለ ዕዳና መሥዋዕት የተናገረው፣ ሉተር ስለ ቅጣት የተናገረው በአውሌን ሣጥን አይገባም።

በ1931 ዌልሳዊው የአዲስ ኪዳን ሊቅ ዶድ በሮሜ 3፥25 ማስተስረያ የተባለው ቃል ትርጉሙ ኃጢአትን ማንጻት ነው እንጂ ቍጣን ማብረድ አይደለም አለ፤ ሊዮን ሞሪስ በ1955 ቍጣው ከምዕራፍ 1 ጀምሮ የክርክሩ መነሻ ስለሆነ ሊወጣ አይችልም ብሎ መለሰ። ነገሩ አልተዘጋም። ሁለቱንም የሚያስማማ አንድ ነጥብ ግን አለ፦ በዚህ ጥቅስ ማስተስረያውን ያቀረበው እግዚአብሔር ነው። ሰው መሥዋዕት ይዞ የተቈጣ አምላክ ደጅ ሲጠና የሚታይበት የአሕዛብ ሥርዓት እዚህ የለም።

ከባዱ የዘመናችን ተቃውሞ ከተጠቁ ሰዎች ወገን የመጣው ነው። ጆአን ካርልሰን ብራውንና ሬቤካ ፓርከር በ1989 ባሳተሙት ጽሑፍ አባት ልጁን ለሞት የሚሰጥበት ትምህርት ግፍን ቅዱስ ያደርጋል፣ የተደበደበች ሴት መከራዋን በዝምታ እንድትሸከም ያስተምራል ብለው ከሰሱ። ጥቁር አሜሪካዊቷ ዴሎሬስ ዊሊያምስ በ1993 ጥቁር ሴቶች በባርነት ዘመን በሌላው ምትክ ተሸካሚ ተደርገው እንደኖሩ አስታውሳ፣ በምትክነት የሚያድን ክርስቶስ ለእነርሱ የምሥራች አይሆንም አለች። ጄምስ ኮን ደግሞ በ2011 በተቃራኒው መስቀሉን ነጮች ጥቁሮችን ከሰቀሉበት ዛፍ ጎን አቆመው፤ እግዚአብሔር በዚያ ከተሰቀሉት ጋር ስለነበረ ተስፋ አለ አለ። ከአንድ ታሪክ የተነሡ ሁለት ጸሐፊዎች ተቃራኒ ቦታ ደረሱ። ክሱን በቀላሉ ማለፍ ለቤተ ክርስቲያን አይገባትም፤ በንስሐ አባትና በመጋቢ ምክር ቻዪው፣ ጌታም ተሰቅሏል እየተባለች ወደ ዱላ የተመለሰች ሴት ካለች ክሱ እውነት ነው። ክርስቶስ ማንም ነፍሱን እንደማይወስድበት፣ በፈቃዱ እንደሚያኖራት ተናግሯል፤ በግድ የሚደበደብን ሰው በእርሱ መመሰል መጽሐፉን ማጣመም ነው።

ከዚህ ጋር አምላክ ይሣቀያል ወይ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ጃፓናዊው ካዞ ኪታሞሪ በ1946፣ ጀርመናዊው ዩርገን ሞልትማን በ1972 ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍርስራሽ ተነሥተው የማይታመም አምላክ ፍቅር ሊሆን አይችልም አሉ። የተዋሕዶ ትምህርት ለዚህ ጥንታዊ መልስ አለው። ቅዱስ ቄርሎስ እንዳስተማረው የታመመው እግዚአብሔር ቃል ራሱ ነው፣ የታመመው ግን በሥጋ ነው። በቅዳሴም ሦስት ጊዜ ቅዱስ የሚለው ጸሎት ለክርስቶስ ይቀርባል፤ የማይሞተው ተብሎ የተመሰገነው ወዲያው የተሰቀለው ይባላል። ይህ ትምህርት ሞልትማን የፈለገውን ቅርበት ይሰጣል፣ መለኮትን ለሥቃይ ሳያስገዛ። ሥቃዩ በሥጋ የሆነበት አምላክ በመለኮቱ ምን ያውቃል የሚለው ግን በሁለቱም ወገን ገና የሚያከራክር ነው።

በአማርኛ የሚካሄደው ክርክር

በኢትዮጵያና በውጭ ባሉ አማርኛ ተናጋሪ ምእመናን መካከል ጉዳዩ የሚነሣው በሌላ መልክ ነው፦ ክርስቶስ ዛሬ ያማልዳል? የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሮሜ 8፥34ን፣ ዕብራውያን 7፥25ንና አንደኛ ዮሐንስ 2፥1ን ይዘው አዎን ይላሉ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መምህራን ማማለዱ በሥጋው ወራት፣ በመስቀሉ አንድ ጊዜ ተፈጽሟል፤ አሁን በአብ ቀኝ ያለው ፈራጅና ጸሎት ተቀባይ ነው፤ ምልጃ የፍጡራን ነው ብለው ይመልሳሉ፤ ዮሐንስ 16፥26ንም ይጠቅሳሉ። የእመቤታችን የምልጃ ቃል ኪዳን የሚታሰብበት የኪዳነ ምሕረት በዓልም የሚከበረው በዚህ አረዳድ ውስጥ ነው። ክርክሩ ከጽድቅ ጥያቄ ጋርም ይያያዛል። ሉተራውያንና ካቶሊካውያን በ1999 በአውግስበርግ ስለ ጽድቅ የጋራ መግለጫ ተፈራርመዋል፤ መካነ ኢየሱስ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባል ናት። ተዋሕዶ በዚያ ውይይት አልነበረችም፤ ለእርሷም የጽድቅ ጥያቄ ከጥምቀትና ከቅዱስ ቁርባን ተነጥሎ የሚጠየቅ አይደለም።

ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት ከሚታሰበው ይሰፋል። መሥዋዕቱ አንድ ነው፣ አይደገምም፤ ከፍጡር ማንም ሊጨምርበት አይችልም። ሁለቱም የሚያከብሩት ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በአራተኛው የሥነ መለኮት ድርሳኑ ክርስቶስ የለበሰውን ሥጋ አሁንም ስለያዘ እንደ ሰው ዛሬም ስለ እኛ ይማልዳል ይላል፤ ወዲያው ግን በአብ ፊት እንደ ባሪያ ወድቆ ይለምናል ብሎ ማሰብን አጥብቆ ያወግዛል። አንዱ ወገን የመጀመሪያውን ግማሽ፣ ሌላው ሁለተኛውን ግማሽ ይዞ ሊሟገት ይችላል፤ ጎርጎርዮስ ግን ሁለቱን አልነጣጠለም። ስለዚህ ወንጌላውያን ሊመልሱት የሚገባ አለ፦ አብ አስቀድሞ ከወደደንና መሥዋዕቱ ከተፈጸመ፣ ዛሬ የሚቀጥለው ምልጃ ከአብ ዘንድ የሚያስገኘው ምንድን ነው? የተዋሕዶ መምህራንም ሊመልሱት የሚገባ አለ፦ የቆሰለው ሥጋ በአብ ቀኝ ካለ፣ ስለ እኛ መኖሩን ከምልጃ የሚለየው ምንድን ነው?